ራሷ ብላለች

ፍሬዓለም ኳሱን በቀኝ እጇ እንደያዘች በሁለት የጎብዬ ተከላካዮች መሃል ዘለለች። አየር ላይ እያለች አንደኛዋ በክርኗ ጎኗን ወጋቻት፤ ኳሱን ግን አልለቀቀችም። ክንዷን ወደ ኋላ ስባ ወረወረችው። በረኛዋ እጇን ለማንሳት እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ዞር ያለችው ኳሱ ከኋላዋ ካለው የትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ አጥር ጋር ተላትሞ ሲጮህ ነው።

"ክንድ ማለት እንዲህ ነው" አለ አንድ የባጃጅ ሹፌር፣ መሥመር ጠባቂውን በትከሻው ገፋ አድርጎ እየተጠጋ።

"ክንዱን ተወው። ኳሱን ማን እንዳቀበላት አላየህም?" አለው አጠገቡ የቆመው ፀጉር አስተካካይ በድረዲን። "ሀሊሜ ባትኖር የፍሬዓለም ክንድ ምን ይሠራል? እንጨት ይፈልጥ እንደሆነ እንጂ።"

"ማቀበልማ እኔም አቀብላለሁ።"

"አንተ መልስ እንኳ አስተካክለህ አቀብለህ አታውቅም።"

ቆቦ እንዲህ ናት። ሁለት ነገር ጎን ለጎን ካየች የቱ ይበልጣል ሳትል አትተኛም። ሁለት ልብስ ሰፊ፣ ሁለት የሚኒባስ ሹፌር፣ ሁለት የግመል ነጋዴ፣ ያገኘችውን ሁሉ ታወዳድራለች። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ የከተማው ሥራ ፈት በሙሉ የያዘው እነዚህን ሁለት ልጆች ነው። በበድረዲን ፀጉር ቤት በዚሁ ነገር ተጣልቶ ግማሽ ራሱን ተላጭቶ የወጣ ሰው አለ ይባላል። የእጅ ኳስን ሕግ በቅጡ የሚያውቅ ግን ከስፖርት መምህሩ ከተዋቸው በቀር በከተማው አንድ ሰው አልነበረም። ሕጉን አለማወቅ ደግሞ ማንንም ከመፍረድ አላገደውም።

ፍሬዓለም ረጅም፣ ቀጭን፣ ቶሎ የምትቆጣ ልጅ ናት፤ ትወረውራለች፣ ታስቆጥራለች። ሀሊሜ አጠር ትላለች፤ ሻሿን ግንባሯ ድረስ አጥብቃ አስራ ትጫወታለች፤ ፊቷን ወደ ቀኝ አዙራ ኳሱን ወደ ግራ ትሰጣለች። ሁለቱም የአንድ መንደር ልጆች ናቸው። ከቆቦ ወደ ጎብዬ በሚወስደው አስፋልት ዳር የቤተሰቦቻቸው የማሽላ ማሳ ይዋሰናል፤ በድንበሩ ላይ አንድ ማማ ቆሟል። ጥቅምት ገብቶ ማሽላው እሸት ሲይዝ ግሪሳ ወፍ ይወርዳል። የግሪሳን ነገር ያላየ ሰው ወፍ ምን ያህል ይበላል ብሎ ይስቃል፤ ያየ ግን ጠዋት ቆሞ የነበረ ማሳ ማታ አገዳ ብቻ ሆኖ ማግኘት ምን እንደሆነ ያውቃል። ስለዚህ ሁለቱ ቤቶች በወንፈል ይጠብቃሉ። አንድ ቀን የፍሬዓለም ቤት ሁለቱንም ማሳ፣ በማግሥቱ የሀሊሜ ቤት ሁለቱንም ማሳ። አንዷ ማማ ላይ ወንጭፍ ስታጮህ ሌላዋ ልምምድ ትወርዳለች። በዚህ ወር ሁለቱ አብረው ሜዳ ላይ የሚታዩት በግጥሚያ ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ ማማው ላይ የወጣችው የፍሬዓለም እናት አየለች ናት። ትከሻዋን ስለሚያማት ወንጭፍ አትችልም፤ ቆርቆሮ እየደበደበች ነው የምታባርረው። ከቀትር በኋላ ሀሊሜ ልትተካት ተስማምተዋል። ይህ ሁሉ የሆነው ከሜዳው ጫፍ፣ ጃንጥላ ተዘርግቶለት፣ ለስላሳ ቀርቦለት ለተቀመጠ አንድ ሰው ሲባል ነው። አሰልጣኝ ደምሴ ይባላል። ኮምቦልቻ ያለ የአንድ ፋብሪካ የሴቶች እጅ ኳስ ክለብ የላከው ነው። ከመቀመጡ በፊት ለመምህር ተዋቸው አስረግጦ ነግሮታል፦ "የጎደለችኝ አንዲት ተጫዋች ናት። አንድ አልጋ፣ አንድ ደመወዝ። ሁለት ብትሰጠኝ አልወስድም።"

ልጆቹ አሥረኛ ክፍል ተፈትነው ነጥብ አልመጣላቸውም። ለፍሬዓለም ከዚህ ቀጥሎ የተዘጋጀላት መንገድ አንድ ነው። የእናቷ ወንድም ጓንጉል ከደላላ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል፤ በአፋር በረሃ አድርጎ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ፣ ከዚያ ሳውዲ። አምና በዚያው መንገድ የሄደች የጎረቤት ልጅ እስካሁን ደውላ አታውቅም፤ እናቷ የማያውቁት ቁጥር በደወለ ቁጥር ስልኩን ለጎረቤት ያቀብላሉ። አየለች "ክለቡ ከወሰደሽ የደላላው ነገር ይቅር፣ ማርያምን" ብላለች። የሀሊሜም ነገር የተሻለ አልነበረም። አባቷ አብዱሰመድ ዋጃ ላለ እህል ነጋዴ ሊድራት ቃል ሰጥቷል፤ ሰውየው አባቷን በዕድሜ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ክለብ ከገባች ግን አብዱሰመድ ቃሉን ለማጠፍ ተስማምቷል፤ ደመወዝ የምታመጣ ልጅ ለማንም አባት ኩራት ናት።

ጨዋታው አለቀ፤ ቆቦዎች አሸነፉ። ልጆቹ ገና ላባቸው ሳይደርቅ አሰልጣኙ ሁለቱን ጠራቸው። ሕዝቡም ተጠራርቶ ከበባቸው፤ መምህር ተዋቸው "እስቲ ፈቀቅ በሉ" እያለ ቢለምን ማን ሰምቶት።

"ሁለታችሁም ጎበዞች ናችሁ" አለ አሰልጣኝ ደምሴ። "እውነቱን ለመናገር ከበደኝ። እኔ ያየኋችሁ አንድ ጨዋታ ነው፤ እናንተ ግን ለዓመታት አብራችሁ ተጫውታችኋል። ከእኔ በላይ እናንተ ትተዋወቃላችሁ። ከሁለታችሁ ማናችሁ ትበልጣላችሁ? አንቺ ረጅሟ ጀምሪ።"

ፍሬዓለም ለማሰብ እንኳ አልቆየችም።

"ሀሊሜ ናት የምትበልጠው" አለች።

ሌላ ምን ልትል ትችል ኖሯል? በዚያ አገር ሁለት ሰው በር ላይ ከተገናኘ "አንተ ግባ፣ አንተ ግባ" ሳይባባል አይገባም። የእጅ ውሃ ሲመጣ "አንቺ ቅደሚ፣ ኧረ አንቺ" ሳይባል አይታጠብም። ራሷን ያስቀደመች ልጅ አሳዳጊ የበደላት ትባላለች። ፍሬዓለም "ሀሊሜ ትበልጣለች" ስትል ሀሊሜ ደግሞ "ኧረ እሷ ናት" ልትል፣ ከዚያ ሰውየው ስቆ የራሱን ዓይን ሊያምን ነበር ነገሩ። ከከበቧቸው ሰዎች አንድም የተደነቀ አልነበረም። ሁሉም ሀሊሜ መልሷን እስክታደርስ ነው የጠበቀው፤ ምን እንደምትል ስለሚያውቅ።

"አንቺስ?" አላት አሰልጣኙ።

ሀሊሜ መሬት መሬት አየች። የሻሿን ጫፍ ጠመዘዘች።

"እንግዲህ..." አለች በመጨረሻ፣ "እንግዲህ ራሷ ብላለች።"

ፍሬዓለም ቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። ሀሊሜ ቀና አላለችም።

"በቃ" አለ አሰልጣኝ ደምሴ፣ ከከባድ ሸክም እንደተገላገለ ሰው እጁን እያጨበጨበ። "ጓደኛዋ ከመሰከረችላት እኔ ምን እጨምራለሁ? ነገ ማለዳ በመንደራችሁ ሳልፍ አስፋልቱ ላይ ጠብቂኝ። ልብስሽን ይዘሽ።"

ሰው መበተን ሲጀምር መምህር ተዋቸው ፍሬዓለምን ክንዷን ይዞ ወደ አጥሩ ጥግ ወሰዳት። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሲቆጣ ያየው የለም። አሁን ግን ተቆጣ።

"ምን ሆነሽ ነው? ማን ጠየቀሽ ትሕትና?"

"ምን ልበል ቲቸር? እኔ እበልጣለሁ ይባላል እንዴ?"

"ይባላል። ሰውየው የከተማ ሰው ነው፤ የጠየቀሽ እንዲመለስለት ነው። እንደ ገበያ ዋጋ ነው የጠየቀሽ።"

"እሷ ትመልስልኛለች ብዬ ነው።"

ተዋቸው ፊቱን በመዳፉ አሸት አሸት አደረገ።

"እኔም እንዳንቺው ነው ያደግሁት" አለ ዝቅ ብሎ። "ዝውውር በመጣ ቁጥር 'እከሌ ልጆች አሉት፣ እሱ ይቅደም' ስል እዚህ አረጀሁ። እከሌ አንድ ቀን 'ተዋቸው ይቅደም' አላለም። ተነሽ፣ ሆቴሉ እንሂድ። ሰውየው ምሳ ላይ ነው።"

አሰልጣኝ ደምሴ ጥብስ እየበላ ነበር። ተዋቸው ነገሩን አስረዳው፤ እዚህ አገር እንዲህ እንደሆነ፣ የልጅቷ መልስ የወግ እንጂ የልብ እንዳልሆነ፣ ሦስት ዓመት ሲያሰለጥናቸው ፍሬዓለምን የሚያህል እንዳላየ። ፍሬዓለም በሩ አጠገብ ቆማ የጫማዋን አፍንጫ ታያለች።

"አንቺ ተናገሪ እንጂ" አላት አሰልጣኙ እጁን በሶፍት እየጠረገ። "ጓደኛሽ ፊት እሷ ትበልጣለች አልሽ። አሁን ደግሞ እሷ በሌለችበት እኔ እበልጣለሁ ልትዪኝ መጣሽ። የቱን ልመን?"

"የአሁኑን" አለች ፍሬዓለም፣ በጭንቅ በሚሰማ ድምፅ።

"ከኋላ የሚያወራ ተጫዋች ስንት ቡድን እንዳፈረሰብኝ ብነግርሽ።" ትንሽ አሰበ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኩሎ ነው እንጂ። "ስሚኝ። ነገ ጠዋት ልጅቷ ባለችበት፣ ዓይኗን እያየሽ ንገሪኝ። እሷም ካልካደችሽ ሁለታችሁንም ለሳምንት ሙከራ እወስድና እዚያ እለያችኋለሁ። አልጋው ግን አንድ ነው።"

ፍሬዓለም ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟታል። እናቷ ከማማው ወርዳ በር ላይ ተቀምጣ ትከሻዋን ቅባት ትቀባ ነበር።

"ሀሊሜ ተወሰደች አሉ" አለች አየለች። "አንቺው ራስሽ ትበልጠኛለች ብለሽ።"

"ብያለሁ እማዬ።"

"ደግ ብለሻል። የአየለች ልጅ ራሷን አመሰገነች ከሚሉኝ ይሄ ይሻላል።" ቅባቱን ከደነችና አቀርቅራ አለቀሰች። "ይሻላል ልጄ፣ ምን ይደረግ። ጓንጉል ሰዎቹ ሐሙስ ይነሳሉ ብሏል።"

ፍሬዓለም ወደ ማሳው ሄደች። ሀሊሜ በስምምነታቸው መሠረት ማማው ላይ ናት። ከታች ስታያት ወንጭፏን አወረደች፤ ትውረድ ወይስ ትቆይ የጨነቃት ትመስል ነበር። ፍሬዓለም መሰላሉን ወጥታ አጠገቧ ቆመች። ሁለቱን ማሳ ከላይ ሲያዩት ድንበሩ አይለይም፤ አንድ ማሽላ ነው።

"ለምን አልመለስሽልኝም?"

"ምኑን?"

"ታውቂዋለሽ።"

ሀሊሜ ድንጋይ አስገብታ ወንጭፉን አሽከረከረች፤ ለቀቀችው። ጥቂት ወፎች ከፍሬዓለም ማሳ ጥግ ተነሱ።

"ብመልስልሽ ምን ይሆን ነበር? አንቺ እሷ፣ እኔ እሷ ስንባባል እዚያው ቆመን እንቀር ነበር። ሰውየው የጎብዬን በረኛ ይዞ ይሄድልሽ ነበር።"

"ይሄ ሰበብ ነው።"

"እሺ፣ ሰበብ ነው። አንቺስ? ትበልጣለች ስትዪ የልብሽን ነበር?"

ፍሬዓለም ማማው ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለውን የራሷን ወንጭፍ አወረደች።

"የልብሽን ካልነበረ፣ ውሸት ተናግረሽ እኔ እንዳስተካክልልሽ ጠበቅሽ ማለት ነው። የልብሽን ከነበረ ደግሞ አሁን ምን ልትዪኝ መጣሽ?"

"እንደ ሰው ነው የተናገርኩት። ሰው እንደሚለው።"

"አውቃለሁ። አንቺ ተናግረሽ ጨዋ ተባልሽ። እኔ ዝም አልኩና ሌባ ሆንኩ። እናቴ ራሷ ምሳ ስታቀርብልኝ ቀና ብላ አላየችኝም።" ወንጭፉ ላይ ሌላ ድንጋይ አስገባች። "ዋጃ ብሄድ ግን ጨዋ ናት ብሎ አብሮኝ የሚያድር ጎረቤት የለም። እኔው ነኝ የማድረው።"

ከምሥራቅ በኩል አንድ የግሪሳ መንጋ ዝቅ ብሎ እየበረረ መጣ። ሁለቱም ሳይነጋገሩ ወንጭፋቸውን አነሱ፤ አንዷ በግራ፣ አንዷ በቀኝ፣ እየጮሁ ወነጨፉ። የፍሬዓለም ድንጋይ መንጋው መሃል ሲገባ ወፎቹ ለሁለት ተከፈሉ፣ ተጠማዝዘው ወደ መጡበት ተመለሱ። ሀሊሜ የድንጋዩን መውደቂያ ቆማ አየችው።

"አሁን እዚህ ሰው የለም" አለች። "ንገሪኝ። ማን ይበልጣል?"

ፍሬዓለም ይህን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም። ለራሷም ቢሆን።

"እኔ" አለች።

"አዎ" አለች ሀሊሜ። "ለዚህ ነው ያልመለስኩልሽ። እኔ ብበልጥ ኖሮ እመልስልሽ ነበር። ምን ይጎድልብኝ ነበር?"

ፍሬዓለም ልትቆጣት ነበር የመጣችው፤ የያዘችው ቁጣ ግን እጇ ላይ ቀዘቀዘ። መቆጣት ባቃታት መጠን ደግሞ ባሰባት። ቀስ ብላ አሰልጣኙ ያለውን ነገረቻት፤ የጠዋቱን፣ የሳምንቱን ሙከራ። ሀሊሜ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

"ሙከራ ከተወሰድን አንቺ ትቀሪያለሽ። እኔ እመለሳለሁ።"

"ማን ያውቃል፣ አይተውን ሁለታችንንም..."

"አንድ አልጋ ነው ያለው ፍሬ። አንቺም ሰምተሻል።" ሀሊሜ ወንጭፉን እጇ ላይ ጠቀለለች። "ተናገሪ። መብትሽ ነው። አልክድሽም። ግን አዎ ትበልጠኛለች ብዬ በአፌ እንድናገርልሽ አትጠብቂ። እሱን አልችልም።"

"አትክጂኝም?"

"ወላሂ አልክድሽም።"

በማግሥቱ ማለዳ መንደሩ በሙሉ አስፋልቱ ዳር ወጥቶ ነበር። ከመንደሩ ወጥታ ደመወዝተኛ የሆነች ልጅ ስለሌለች ሽማግሌዎቹም፣ ሕፃናቱም፣ ትናንት ስትጫወት ሰውነቷን ሲያሙ የነበሩትም ሀሊሜን ሊሸኙ መጥተዋል። የሀሊሜ እናት መዲና አዲስ ሻሽ አድርጋለች። አየለችም ሌሊቱን የቆላችውን ቆሎ በፌስታል ይዛ መጥታለች፤ ፊቷ ግን የለቅሶ ቤት ፊት ነበር። ጓንጉል እጁን ኪሱ ከትቶ ከኋላዋ ቆሟል። አብዱሰመድ እጁን ዘርግቶ ዱዓ ያደርጋል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም "አሚን" ይላል።

የክለቡ ፒክአፕ መጥቶ ቆመ። መምህር ተዋቸው ከአሰልጣኙ ጎን ተቀምጦ ነው የመጣው። አሰልጣኝ ደምሴ ወርዶ ሽማግሌዎቹን ጨበጠ፤ የሀሊሜን ሻንጣ ከኋላ አስጫነ። ተዋቸው በጆሮው አንድ ነገር ሲለው ፍሬዓለምን ፈለጋት።

"እ፣ ትናንት የነገርሽኝ ነገር ነበር" አላት። "በፊቷ ተናገሪ ብዬሽ ነበር። ይኸው አለች።"

ሁሉም ዞረ። ዱዓው ተቋረጠ። ፍሬዓለም ሀሊሜን አየቻት፤ ሀሊሜም ዓይኗን አላሸሸችም። ፍሬዓለም ቃሉን ሌሊቱን ስታዘጋጀው ነው ያደረችው፤ በለሆሳስ፣ በአክብሮት፣ እንዴት እንደምትለው። ሲወጣ ግን ወፍ እንደምታባርርበት ድምፅ ሆኖ ወጣ።

"እኔ እበልጣለሁ። ትናንት ትበልጣለች ያልኩት ለወጉ ነው። የምበልጠው እኔ ነኝ።"

ከሕፃናቱ አንዱ ሳቀ። ሌላው ሰው ሁሉ ማጉረምረም ጀመረ።

"ምን ነካት?" አለች አንዲት ሴት። "በዱዓ መሃል?"

"ቅናት እኮ ክፉ ነው" አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ፣ እሷ እንድትሰማው አድርጎ።

"ትናንት ማን አስገድዶሽ ነው እሷ ያልሽው ልጄ?" አለች መዲና። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ሳይሆን ማፈር ነበር፤ ለፍሬዓለም ያፈረችላት ትመስል ነበር። አየለች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አቀረቀረች።

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" አላት አሰልጣኙ ሀሊሜን።

ሀሊሜ ቃሏን ጠበቀች። አልካደችም። ምንም አላለችም። አስፋልቱን እያየች ቆመች።

"ተናገሪ እንጂ ሀሊሜ" አለ ተዋቸው፣ ልመና በሚመስል ድምፅ።

ምንም።

አሰልጣኝ ደምሴ ራሱን ነቀነቀ። "አየህ መምህር" አለ። "ሰው ፊት ስትዋረድ እንኳ ክፉ አልመለሰችም። እኔ ለቡድን የምፈልገው እንዲህ ያለውን ፀባይ ነው። ውርወራውን እኔ አስተምራታለሁ።"

"ካልካደቻት ሁለቱንም እወስዳለሁ ብለውኝ ነበር። አልካደችም እኮ" አለ ተዋቸው።

"ስትታገስ ነዋ። ይሄ ማመን ነው? አሁን እነዚህን ሁለቱን አንድ መኪና ላይ ጭኜ ልሂድ?"

ተዋቸው ወደ ፍሬዓለም ዞረ። ትናንት ትሕትና ምን ያደርግልሻል ያላት ሰው፣ ዛሬ ድፍረቷ ምን እንደሚያደርግላት ሊነግራት አልቻለም። መኪናው ሲነሳ ሀሊሜ ወደ ኋላ አልዞረችም። ሕዝቡ እጁን አውለበለበ፤ ልጆች ከኋላ ሮጡ፤ ከዚያ ሁሉም ወደ ሥራው ተበተነ። ቀን ላይ የበድረዲን ፀጉር ቤት ይህን እንዴት እንደሚያወራው ፍሬዓለም ካሁኑ ይሰማት ነበር። ክንዷ ጥሩ ነው፣ ሆዷ ግን ክፉ ነው ይሏታል፤ ጨዋታዋን ያደነቁት ሁሉ።

አየለች መጥታ ክንዷን ያዘቻት።

"ሂጂ፣ ይቅርታ ጠይቂያት።"

"እማዬ..."

"ስሚኝ። እኔ ከነሱ ጋር ነው የምኖረው። አንቺ ሐሙስ በረሃውን ስትይዢ ማማው ላይ ማን ይወጣልኛል? በዚህ ትከሻ ብቻዬን ግሪሳ ላባርር? እነሱ ከተቀየሙኝ ማሽላው የለም፤ ማሽላው ከሌለ እኔም የለሁም። ሂጂ።"

ፍሬዓለም ሄደች። መዲና ከሁለት ሴቶች ጋር ቆማ እንባዋን ትጠርግ ነበር። ፍሬዓለም ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ነካች።

"እትዬ መዲና፣ በዱዓው መሃል ስለጮህኩ ይቅር ይበሉኝ።"

መዲና ቶሎ ብላ አነሳቻት፣ ጉንጯን ሳመቻት። ደግ ሴት ናት፤ ፍሬዓለምን አብራ ነው ያሳደገቻት።

"አላህ ሁላችንንም ይቅር ይበለን። የልጅ ነገር ነው፤ ከፍቶሽ ነው። ያልሽው የልብሽ እንዳልሆነ እኔ አላውቅም?" ወደ ሁለቱ ሴቶች አየት አደረገች። "እንዲያው ለሰው ጆሮ፣ 'ሀሊሜ ትበልጣለች፣ ከፍቶኝ ነው' በይና ነገሩ እዚሁ ይቅር። ማሽላችንንም እንደ ድሯችን እንጠብቃለን።"

ሴቶቹ ጠበቁ። አየለችም ከኋላ ጠበቀች። አንድ ቃል ነበር የሚፈለገው፤ ትናንት ሳታስበው በነፃ የሰጠችው ቃል። ፍሬዓለም እናቷን ዞር ብላ አየቻት። አየለች በልመና ራሷን ነቀነቀችላት፣ በይ በማለት።

"ስለጮህኩት ይቅር ይበሉኝ" አለች ፍሬዓለም። "እሱን ግን አልልም። የምበልጠው እኔ ነኝ።"

የመዲና እጅ ከትከሻዋ ላይ ወረደ። ሻሿን አስተካከለች፤ ለመናገር ጊዜ ወሰደባት።

"እንግዲያስ ከዛሬ ወዲያ ሁላችንም የየራሳችንን እንጠብቅ" አለችና ከሴቶቹ ጋር ሄደች።

አየለች የቆሎውን ፌስታል እንደያዘች መንገዱ ዳር ቁጭ አለች። ለሀሊሜ መስጠቱን ረስታዋለች። ጓንጉል ጉሮሮውን ጠረገና ቀረበ።

"ጥሩ ሠራሽ" አለ። "አሁን ከጎረቤትም ተቆራርጠሻል፤ እዚህ ምን ቀረሽ? ሐሙስ ትነሳለች ብዬ ልንገራቸው አይደል?"

ፍሬዓለም እናቷን አየች። ከዚያ ባሻገር ማማውን፤ ማንም አልወጣበትም።

"ማሽላው ታጭዶ ቤት ሳይገባ የትም አልሄድም" አለች። "ወንፈሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ እማዬ ብቻዋን አትጠብቅም። ከዚያ በኋላ ንገርልኝ።"

"ደላላው እኮ አይጠብቅሽም።"

"ይሂድ ጋሼ። ሌላ ደላላ አይጠፋም" አለችው፤ እናቷን ደግፋ አነሳቻትና ወደ ማሳው ሄደች።